ሕሩይ ቆጥሮ የጻፋቸው

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 26

ብርድ። ሌሊት የዘነበው ዝናብ መንገዱ ላይ በረዶ ሆኖ እንደ መስታወት አድሯል። ማጠቢያው የተገኘነው እኔ፣ ሕሩይና ሱመያ። ኑሃሚን አርፍዳ ደረሰች፤ "መኪናዬ ስላይድ አደረገች፣ ላይክ፣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት" እያለች። ጋሼ ይገዙ ስኔልቪል ካለው ቤታቸው አልወጡም። ደውለው "ቧንቧው እንዳይፈነዳ ውሃውን አንጠባጥቡት" ብለው ዘጉ።

አዲስ ደብተር ስጀምር ማን ማን እንደሆነ መጻፍ ልማዴ ነው። ጋሼ ይገዙ የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድምና የማጠቢያው ባለቤት ናቸው። እዚህ ስኮትዴል፣ አሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ የምናጥበው የምግብ ቤትና የአዳራሽ የጠረጴዛ ልብስ ነው። ሱመያ ታጥባለች። ኑሃሚን ታጥፋለች፣ ለደንበኛም ታደርሳለች። ሕሩይ ትልቁን መተኮሻ ማሽን ይዟል፤ አሮጌ ነው፣ ከእሱ በቀር ለማንም አይታዘዝም። እኔ ቢሮ ነኝ፦ ስልክ፣ ደረሰኝ፣ ፔይሮል፣ ማለት የደሞዝ ሒሳብ።

ቀኑን የዓመቱን ደብሊው ቱ፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የደሞዝና የታክስ ማጠቃለያ፣ ሳዘጋጅ ዋልኩ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ለሁሉም መድረስ አለበት። የሁሉም ወረቀት ላይ ለጆርጂያ የተቆረጠው ታክስ ተጽፏል፤ የሕሩይ ላይ ግን ቦታው ባዶ ነው። ከተቀጠረ ጀምሮ ምንም አልተቆረጠበትም። ኮምፒውተሩ የተሳሳተ መሰለኝ። ሲቀጠር የሞላውን ጂ ፎር ከፋይሉ አወጣሁት፤ ከደሞዙ ላይ ለጆርጂያ ስንት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ፎርም እሱ ነው። የሚያስተዳድራቸው ሰዎች ብዛት በሚሞላበት ሳጥን ውስጥ፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ፣ አሥራ ስድስት ብሎ ጽፏል።

ያን ቀን ወረቀቱን ራሴ ተቀብዬ፣ ራሴ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቻለሁ። ዓይኔ የት ነበር?

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 27

የበፊቱ ሒሳብ ሠራተኛ ጥሎት የሄደው የጆርጂያ የአሠሪዎች መመሪያ ከሳሙና ካርቶኖቹ ሥር ተገኘ። የፊት ገጾቹ ውሃ ገብቷቸው ተበጣጥሰዋል። ይህ እኔን አይከብደኝም። አማርኛ ማንበብ የጀመርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውንም የለቀምኩት ከሳሙና በርሜል ጀርባ ነው። መሃል ገብቼ ማንበብ እችላለሁ።

ከሠራተኛው ደሞዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ለአንዲት ቀን እንኳን የአሠሪው አይደለም ይላል። እስኪያስረክብ ድረስ በአደራ የያዘው ነው ይላል። መንግሥት እንዲህ ያለ ቃል የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ይህ ሁሉ አገር፣ ያ ወርቅ ጉልላት ያለው ምክር ቤቱ፣ ያ ሁሉ ዳኛና ፖሊስ፣ ስኮትዴል ውስጥ በእንፋሎት መሃል የተቀመጠችን ሴት "አንቺ ሰብስቢልኝ፣ አንቺ ያዥልኝ" ይላታል። አይቶኝ አያውቅም። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ይሉ ነበር አባቴ። መስመሩን ደጋግሜ አነበብኩት።

ከታች ሌላ አለ። ከአሥራ አራት በላይ የጻፈ ሠራተኛ ካለ ፎርሙ ወደ ጆርጂያ ገቢዎች መላክ ነበረበት። አልላክሁም። ሌላም አለ፦ አሠሪው ፎርሙ ስህተት መሆኑን ካወቀ አይቀበለው፤ የተስተካከለ እስኪመጣለት ድረስ ሠራተኛውን ያላገባ፣ ማንም የሌለው፣ ዜሮ ብሎ ቆጥሮ ይቁረጥ።

"ካወቀ" ነው የሚለው። እኔ አላውቅም። ሰውዬው አሥራ ስድስት ሰው ቤቱ ይኖር ይሆናል።

አይኖርም። ክላርክስተን አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ነው ያለው። መጋረጃው አረንጓዴ ነው። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ አይቼ ነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 28

ጠየቅኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

ኑሃሚን ዕቃ ልታደርስ ስትወጣ ጠብቄ ወረቀቱን ይዤ ማሽኑ ጋ ሄድኩ።

"አቶ ሕሩይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺ ቁጥር..."

አየት አደረጋት። "አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኳት።"

"አሥራ ስድስት ነው የሚለው።"

"አሥራ ስድስት ናቸው።"

"የት ነው ያሉት?"

"ሞጣ። ሁለቱ ባሕር ዳር።" የጠረጴዛ ልብሱን ጫፍ አቀበለኝ፤ ሳላስበው ያዝኩለት። "ወረቀቱ በእርስዎ ላይ የሚኖር ሰው ስንት ነው አለኝ። ቆጥሬ መለስኩ። አንድም አልጨመርኩም።"

ከዚያ እያጠፍን ነገረኝ። እናቱ። ዓይኑን ያጣ ታላቅ ወንድሙ፣ የወንድሙ ሚስትና ልጆቻቸው። የእህቱ ልጆች። ሱዳን ካምፕ ውስጥ አብሮት የነበረ ሰው ሞቶ የተዋቸው ሦስት ልጆች። የስድስተኛ ክፍል አስተማሪው፤ ጧሪ የላቸውም። እያንዳንዱን በሙሉ ስሙ ነው የጠራው፣ እንደ ቅዳሴ፣ ሳይቸኩል። አንዷ ጋ ሲደርስ ልብሱን ይዞ ቆመ። "ይቺ ፎርሙን ስሞላ ገና ክርስትና አልተነሳችም ነበር" አለኝ። "ስም ሳይወጣላት ነው የቆጠርኳት።"

ማታ። እንቅልፍ የለም። ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ነው የሚመጣው። አንድ መንደር ትከሻው ላይ አለ፤ ማንም ወንበር አይለቅለትም። ምሳ ሲበላ አይተነው አናውቅም፤ "ቁርሴን አርፍጄ ነው የበላሁት" ይላል። ያቺን ቡናማ ጃኬት ክረምትና በጋ ይለብሳታል። ገብጋባ ነው ብለን ጨርሰነው ነበር። እኔም ብያለሁ። በአፌ አላልኩም እንጂ ብያለሁ።

አንድ ሰው ምን ያህል መሸከም እንደሚችል እኔ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ምንም አላውቅም ነበር።

ችግሩ ግን ይህ ነው፦ አሁን አወቅኩ። ባልጠይቀው ኖሮ አላውቅም ነበር። ባልጠይቀው ኖሮ ደግሞ የእነዚያን ሁሉ ሰዎች ስም አልሰማም ነበር። የጠየቅኩት የሠራተኛ ፋይል የተሟላ መሆን ስላለበት ነው።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 30

ደብሊው ቱ ታደለ። ሱመያ የራሷን ፖስታ እየቀደደች፣ "ሕሩይ እኮ ሳንቲም ብትወድቅበት ድምፅ አታሰማም፤ መሬት ሳትነካ ነው የሚቀልባት" አለች። ሁሉም ሳቁ። ሕሩይም ሳቀ። እኔን አይታ ኑሃሚን፣ "እትዬ ብዙነሽ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለች። በረዶው ነው፣ አመመኝ አልኳት። በረዶው ከቀለጠ ሁለት ቀኑ።

ጋሼ ይገዙ ሲመጡ ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ የሕሩይ ፎርም ስህተት አለበት።"

"ማን ነው የፈረመው?"

"እሱ።"

"ታዲያ እኛን ምን ጥልቅ አደረገን?"

"አደራ ነው ይላል፣ መመሪያው።"

"መመሪያ! አንቺ ደግሞ ያገኘሽውን ብጥስጣሽ ወረቀት ሁሉ ወንጌል ታደርጊዋለሽ። ስሚ ብዙዬ፣ ከፋሲካ በኋላ የሠርግ አዳራሾቹ ሁሉ የኛን ልብስ ነው የሚጠብቁት። ሰውዬው ተቀይሞ ቢሄድ ያንን ማሽን አንቺ ታስነሺዋለሽ?"

ማሽኑ እውነት ነው። ማሽኑ ያሳስበኛል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2

ፎርሙን ለጆርጂያ በፖስታ ላክሁ። ዘግይቷል፣ ግን ተላከ። ሳጥኑ ውስጥ ስጥለው እጄ አልለቅም ብሎኝ ነበር። አሥራ ስድስት ሰው በአንድ ቴምብር።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 7

ፀሐይ፣ ግን ቀዝቃዛ። ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ታክስ በነፃ የሚሞሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴትዮ ደረሱኝ። "የማውቀው ሰው አለ" ብዬ ጀመርኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ አይቆጠርም አሉኝ፤ የአሜሪካ ዜጋ ወይም እዚህ ነዋሪ ካልሆነ በቀር። ካናዳና ሜክሲኮ የሚኖር ግን ሊቆጠር ይችላል።

"ሜክሲኮ?"

"ሜክሲኮ። እኔም አይገባኝም፣ የኔ ማር።"

መንገድ ላይ ቆሜ አሰብኩት። አንድ ቀን አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ፣ እስከዚህ ድረስ ያለ ዘመድ ይራባል፣ ከዚህ ወዲያ ያለ አይራብም ብሎ በብዕር አስምሯል። አልተናደድኩም። ሰው መስመር ማስመር መቻሉ ራሱ ይገርማል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

የምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ባሉበት፣ ስለማንም እንዳልሆነ አድርጌ የሜክሲኮውን ነገር አወራሁ።

ሱመያ ጮኸች፦ "የኔ አክስት ሜክሲኮ ናት! አደባባዩ ጋ፣ ፎቁ ሥር ሱቅ አላት፤ ጻፉልኝ!"

ኑሃሚን፦ "ዌት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አለ?"

ሕሩይ እስኪያነባ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ። "እናቴን የባሕር ዳር አውቶቡስ እንኳን ያጥወለውላታል፤ ሜክሲኮ ማን ያደርሳታል" አለ። ከዚያ ሳቁ በአንዴ ቆመ። ዞሮ አየኝ።

"ስለኔ ነው የጠየቁት?"

"ስለሁሉም ነው" አልኩ።

ውሸት አይደለም። ግን እውነትም አይደለም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 18

ዛሬ ረመዳን ገባ፤ ሁዳዴ ሰኞ ነው የገባው። የምሳ ክፍላችን ባዶ ሆነ። ማይክሮዌቩ ብቻውን ሰዓት ይቆጥራል። ሱመያ፣ "ዘንድሮ ሕሩይ መደበቂያ አገኘ፤ ሁላችንም አንበላም" አለች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ከጆርጂያ መልስ የለም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 27

ዛሬ የደሞዝ ቀን ነበር። ዜሮ ብዬ መቁረጥ ነበረብኝ። አልቆረጥኩም። በሚቀጥለው አደርገዋለሁ። ባለፈውም ደሞዝ እንዲሁ ነው ያልኩት፤ እዚህ አልጻፍኩትም እንጂ።

ቢቆረጥ በየሁለት ሳምንቱ ስልሳ ዶላር ገደማ ነው። ለጆርጂያ ምንም አይደለም። ለሞጣ ምን እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

በዘገየሁ ቁጥር የምጎዳው እሱን ነው። ያልተቆረጠው ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ቀን እሱን ነው የሚጠይቀው። ይህን አውቃለሁ። ታዲያ ለምን አላደርገውም? ማሽኑ ነው። እሱ ቢሄድ ማሽኑን የሚያስነሳ የለም።

ኑሃሚን ዛሬ፣ "እናንተ ሁለታችሁ እስከ መቼ ነው እርስዎ፣ እርስዎ የምትባባሉት? ኢት ኢዝ ሶ አክዋርድ" አለችኝ። ሥራሽን ሥሪ አልኳት።

ዓርብ፣ ማርች 6

ከኋላ በር፣ ቆሻሻ ሳወጣ። ነጭ ቫን ቆሟል። ዶራቪል ያለ የማጠቢያ ቤት ሰው ነው፤ አበሻ ነው፣ አላውቀውም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለሕሩይ፦

"ካሽ በካሽ። ወረቀት የለ፣ ቆረጣ የለ። ላብህን ሙሉውን ይዘህ ትገባለህ።"

"አስቤ ልንገርህ።"

"ምን ይታሰባል? ቢሮ ያለችው ሴትዮ እህትህ ናት እንዴ?"

ሕሩይ ሳቀ መሰለኝ። የመለሰውን አልሰማሁም። የቆሻሻውን ከረጢት ይዤ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

ዝናብ። ሕሩይ ታክሱን ሊሞላ ሄዶ አርፍዶ ገባ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ወረቀት ይዟል።

"እትዬ ብዙነሽ፣ ያለፈው ዓመት ለጆርጂያ አልተከፈለም አሉኝ። አንድ ሺህ ከምናምን ይፈልጋሉ።"

"በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። እኔ እሞላልዎታለሁ።"

"እኔ እኮ ዕዳ ኖሮብኝ አያውቅም" አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም። ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነው። "አልሰረቅሁም። ቆጥሬ ነው የሰጠኋቸው።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቁ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?"

ከፋፍሎ የሚከፈልበትን ፎርም ኮምፒውተሩ ላይ መፈለግ ጀመርኩ።

ዓርብ፣ ማርች 13

ነገርኩት። ሁሉንም። ከእንግዲህ እንደሚቆረጥ፣ ለምን እንደሚቆረጥ። አዲስ ጂ ፎር አቀረብኩለት፤ ብዕሩንም ጭምር።

ብዕሩን አንስቶ ሳጥኗ ላይ ያዘው።

"እዚህ ጋ ምን ልጻፍ?"

"ዜሮ።"

"ዜሮ።"

"ለጆርጂያ ብቻ ነው፣ አቶ ሕሩይ። ለታክስ ብቻ።"

"እናቴ የለችም ብዬ ልፈርም?"

"እንደሱ ማለት አይደለም—"

"ገንዘቡን ይቁረጡት። ገንዘብ ነው፤ ሲቆረጥ ኖሯል። ግን እናቴን ዜሮ ብዬ አልጽፍም። ያቺን ሕፃን ስም ሳይኖራት ቆጥሬያታለሁ፤ አሁን ስም ከወጣላት በኋላ አልሰርዛትም።" ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አልወረወረውም፤ በጥንቃቄ አኖረው። ያ ባሰኝ።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ይህን አልጠበቅሁም። አንድ ሰው ለአንድ ትንሽ ሳጥን እንዲህ ሲታመን አይቼ አላውቅም። እኔ በሕይወቴ ስንት ፎርም ሞልቻለሁ? ባሌ የሞተ ሰሞን "ያገባ" የሚለውን ሰርዤ "ያላገባ" በሚለው ላይ ምልክት ሳደርግ እጄ እንኳን አልዘገየም። ተሰልፌ ነበር፤ ከኋላዬ ሰው ነበር።

ዛሬም ሳልቆርጥ ከፈልኩ።

እሑድ፣ ማርች 15

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሐሳቤ ሁሉ መመሪያው ውስጥ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቤት ገብቼ እንደገና አወጣሁት። "የተስተካከለ ፎርም እስኪመጣለት ድረስ" ነው የሚለው። እስኪመጣለት ድረስ። ካልመጣስ? ካልመጣ አሠሪው እንደ ዜሮ እየቆጠረ ይቀጥላል። ሠራተኛው እንዲፈርም አያስገድድም! ዜሮዋን የሚጽፈው አሠሪው ነው፤ በእኛ ቤት እኔ ነኝ። ሕሩይ ምንም መሰረዝ የለበትም። የእሱ ወረቀት እንደጻፈው ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ አሥራ ስድስቱም እዚያው ይኖራሉ።

ይህንን የጻፈው ሰው ማን ይሆን? ስለ ሕሩይ አላሰበም። የቸኮለ የቢሮ ሠራተኛ ይሆናል። ግን በዚያ ድርቅ ያለ ሕግ መሃል አንዲት ጠባብ በር ትቶ ሄዷል፤ አንድ ሰው እናቱን ሳይክድ የሚያልፍባት።

ሰኞ፣ ማርች 16

ነገርኩት። "መፈረም የለብዎትም። እኔ እጽፈዋለሁ።"

"እርስዎ ይጻፉት?"

"ለኔ ሰዎቹ ዘመዶቼ አይደሉም። እኔን አይከብደኝም።"

ያመነኝ አይመስለኝም።

ሐሙስ፣ ማርች 26

ሱመያ ከዒድ ጀምሮ ጣፋጭ ታመጣለች፤ እኛ ጾመኞች እያየን እናልፋለን። ሕሩይ ሊወጣ ሲል ቢሮ ጎራ አለ። ዶራቪሎቹ ሰኞ ጠዋት ይጠብቁኛል አለኝ። እዚያ ምንም አይቆረጥም አለኝ። ያለፈውን ዕዳም ቶሎ ይዘጋልኛል አለኝ።

"ልክ ነው" አልኩት።

"ምን ይሉኛል?"

"እኔ ምን እላለሁ?"

ምን ማለት እንደነበረብኝ አሁን ብዙ ዓይነት መጥቶልኛል። አልጽፈውም።

ጋሼ ይገዙ በስልክ፦ "ዝም ብለሽ ክፈይው አላልኩሽም? ይኸው!"

ዓርብ፣ ማርች 27

ቆረጥኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ዜሮዋን በጣቴ ነካኋት፤ እሺ የሚለውንም ነካሁ። ድምፅ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ድምፅ ሊኖረው ይገባል።

ሕሩይ የደሞዝ ወረቀቱን አየ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ። "ሰላም ዋሉ" አለኝ።

ወደ ቤት ስነዳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀዩን የቁም ምልክት ዘረጋ። በሁለቱም በኩል መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ ቦርሳዋ ከእሷ በልጦ ወረደች፤ ያ ሁሉ ብረት እሷ እስክትሻገር ትንፋሹን ዋጠ። ይህ ነው እንግዲህ ገንዘቡ። ከሱመያ ትከሻ፣ ከኑሃሚን ጣት፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ከሕሩይ ላይ የሚነሳው እዚህ ደርሶ መንገድ ያስቆማል። ውብ ነው። ከኋላዬ ያለው ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ቆሜ ቀረሁ።

ውብ ነው፤ ግን ሞጣ ያለች ልጅ መንገድ የምትሻገረው በዚያው ገንዘብ ነበር።

ሰኞ፣ ማርች 30

ሕሩይ ጠዋት አልመጣም። ማሽኑ እንደቀዘቀዘ ዋለ። ጋሼ ይገዙ ራሳቸው ሊያስነሱት ሞክረው እጃቸውን ተቃጠሉ። ኑሃሚን ደጋግማ አየችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም። የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተ። ጃኬቱን ሰቀለ፤ ማሽኑን ለኮሰ። ከዚያ ቢሮዬ መጥቶ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ትናንት ለሁሉም ደውሎ የያንዳንዳቸው ድርሻ እንደሚያንስ ሊነግራቸው ነበር። ከእናቱ ጀመረ። ለማን ነው የሚቆረጠው አሉት። ለአገሩ ነው፣ ለጆርጂያ አላቸው።

"ያ አገር መንገድ አለው ወይ? ማታ መብራት ያበራል ወይ? ሲያምህ ሐኪም ቤቱ አስተኝቶህ አልነበረም ወይ?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ቆጥረኸው ታውቃለህ? አሥራ ሰባተኛ አድርገው። ከኔ ላይ ቁረጥለት፤ እኔ ጠግቤ ኖሬያለሁ።"

ስለ ዶራቪልም ነገራቸው። እዚያ ስምህን የሚጽፍ አለ ወይ አሉት። የለም፣ ካሽ ነው አላቸው። "ስምህ ካልተጻፈ" አሉት፣ "አንድ ነገር ብትሆን ለኔ ማን ይነግረኛል?"

እስከ ረፋዱ ዶራቪል ባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ነበር። ቫኑ ሲመጣ አይቶ አልተነሳም።

ጆርጂያን አሥራ ሰባተኛ! ያ ጉልላት፣ ያ ሁሉ ድልድይ፣ ሞጣ ያሉ አሮጊት እጅ ሥር ገብቶ እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ሲቆጠር። ከወንበሬ መነሳት ያለብኝ መሰለኝ፤ ተነሳሁም።

ያኔ ስልኩን አቀበለኝ። ለካ እናቱ መስመር ላይ ነበሩ። ነጭ ነጠላ፣ ጠባብ ፊት፣ የሱ ዓይን።

"አንቺ ነሽ የምትቆርጪበት?"

"አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።"

"ቆርጠሽ ለራስሽ አታስቀሪውም አይደል?"

"አላስቀረውም እማማ። አደራ ነው።"

"እንግዲያው ይሁን" አሉ። "ደግሞ ጾም ባልሆነ ቀን ምሳ ይበላል ወይ?"

ሕሩይ ስልኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። "ከእንግዲህ ይበላል" አልኳቸው።

ከኔ ላይ ቁረጥለት ያሉት ነገር ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ሙሉ ስማቸውን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ልብስ እያጠፍን ነግሮኝ ነበር። ነገ ማጠቢያው ሳይከፈት ክላርክስተን ካለው ሐዋላ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 31

ሞቅ ያለ። ዛፎቹ አበባ አውጥተው መኪናው ሁሉ ቢጫ ዱቄት ለብሷል። ማሽኑ እየሠራ ነው። ሁላችንም አለን።

ሐዋላ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ያደረግኩትን በዝርዝር አልጽፍም፤ ደብተር ሰው እጅ ይገባል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ የእማማን ስም ጽፋ ጨርሳ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል፣ "ለተቀባይዋ ምኗ ነዎት?" አለችኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ ሰው መጥቶ ቆሟል፤ አልቸኮልኩም።

ከዚያ "ልጃቸው ነኝ" ብዬ መለስኩላት። ጻፈችው።